ስክሩዋን ከመንካታችሁ በፊት፦ የሞተር ሳይክል ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ካርቡራተር፣ ማለት ቤንዚንና አየር ስለሚቀላቅለው ዕቃ፣ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ውስጥ የሚያስል ሞተር ይበዛል። ጋራዡ በር ላይ የማዘው ሻይም ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ የመለስኩት ለብዙዎቻችሁ ስለሚሆን ነው።

«ባቲ ሸጋ ነበረች፤ ደሴ ስትመጣ ታፈነች»

*ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። ባለፈው ጥር ባቲ ገበያ ከአንድ ነጋዴ ገዛኋት። እዚያ ስሞክራት ሸጋ ነበረች። ደሴ ካመጣኋት ወዲህ ግን ትታፈናለች። ጠዋት ቀዝቅዛ እያለች ደህና ናት፤ ስትሞቅ ነው የምትብሰው። ግማሽ ድረስ ነዳጅ ስሰጣት ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ጭሷ በዛ። እሳት የሚሰጣት ካንዴላ በሳምንት ከሰል ይመስላል። ሦስት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሦስቱም ጎኗ ላይ ያለችውን ስክሩ ጠምዝዘው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ልሽጣት ይሆን?*
*— ልማት ሠራተኛ፣ ከደሴ ዙሪያ*

አብሽር ወንድሜ፣ አትሽጣት። በዚህ ዓመል ብትሸጣት የሚገዛህ መካኒክ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ ዋጋ።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቃል ነው የምጠቀመው፤ «ጠግባለች» እና «ርቧታል»። ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ሲበዛባት ጠግባለች። ቤንዚን ሲያንሳት፣ ወይም አየር ሲበዛባት፣ ርቧታል። የአንተዋ ጠግባለች። ይህን ለማወቅ መፍታት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ራስህ ጽፈህልኛል። ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ቾክ የተሠራውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የምትጠጣ ሞተር ጠዋት ጠዋት ጤነኛ ትመስላለች። ስትሞቅ ትርፉ ያንቃታል። የራባት ሞተር ተቃራኒ ናት፤ ጠዋት ታስለፋሃለች፣ ስትሞቅ ትንሽ ትሻላለች።

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። ባቲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ነው። ደሴ 2,500 ግድም ነው። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ አንድ ሊትር አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይቀላል፤ ከባቲው ደግሞ በአንድ አሥረኛ ገደማ። ካርቡራተር ግን አየር አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲሮጥ በሚፈጥረው መሳብ ቤንዚኑን ከታች ይመጠዋል፣ በቃ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ደሴ ስትደርስ ቤንዚኑ አለ፣ አየሩ ጎደለ። ሞተሯ ጠገበች።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የባቲና የደሴ ልዩነት ብቻውን ካንዴላ ከሰል አያደርግም። ቢያደርግ ኖሮ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሚመላለስ ሁሉ ሐረጎ ዳገት ላይ ቆሞ በቀረ። የአንተዋ ባቲም እያለች ጠግባ ነበር፤ ቆላው ሸፈነላት። ስለዚህ ከፍታውን ከመውቀስህ በፊት የሚያጠግባትን ሌላ ነገር ፈልግ።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮዋን አውጣ። የባቲ አቧራ የዋዛ አይደለም። ስፖንጅ ከሆነች በላምባ እጠባት፣ በሳሙና ውሃ ድገማት፣ አድርቃት፣ ጥቂት ዘይት አስነክተህ ጨምቃት። ቀጥሎ ቾኩን እይ። ማንሻው ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ውስጥ ያለችው መዝጊያ ዘጋች ማለት አይደለም፤ ጎማዋ ካለቀ ቀኑን ሙሉ ቾክ ተስቦ እንደ መንዳት ነው። ከዚያ ካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀውን የተንሳፋፊዋን ከፍታ ለካ። ካርቡራተሩ ሥር ባለችው ማፍሰሻ ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ወደ ላይ አቁመው፣ ማፍሰሻዋን ክፈት። ቱቦው ውስጥ ቤንዚኑ የቆመበት ከፍታ የውስጡም ከፍታ ነው። ቤንዚኑ ከሚጠራቀምበት የካርቡራተሩ ሳህን መጋጠሚያ በላይ ከወጣ ተንሳፋፊዋ ወይም ከእሷ ጋር ያለችው መዝጊያ መርፌ በደለኛ ናት።

ሦስቱም ደህና ከሆኑ ነው ወደ ልኬት የምንገባው። ሦስቱ መካኒኮች ለምን እንዳልተሳካላቸውም እዚህ ይታይሃል። ያቺ የጎን ስክሩ የምትገዛው ሚኒሞውን፣ ማለት ነዳጅ ሳትሰጣት ቆማ የምትሠራበትን፣ እና የነዳጅ እጀታውን የመጀመሪያ ሩብ ብቻ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ እጀታው ሲዞር ከፍ ዝቅ የምትለው ረጅሟ መርፌ ናት የምታዝ። ከዚያ በላይ ትልቋ ጄት። ጄት የምላት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የናስ ብሎን ነው። አንተ ያልከኝ ችግር ግማሽ ላይ ነው። ግማሽ ላይ ላለ በሽታ የሩብ መድኃኒት ነው የሰጡህ።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ነጭ ፕላስተር የነዳጅ እጀታዋ ላይ ጠቅልዬ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ ብዬ በእስክሪብቶ አሰምራለሁ። ከጎኑ የማይንቀሳቀሰው ላይ አንዲት መስመር። ከዚያ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ እወጣለሁ፤ ረባዳ ነው፣ መንገዱም ቀጥ ይላል። ሞተሯ ከሞቀች በኋላ ንጹሕ ካንዴላ እከትባታለሁ። በሦስተኛ ማርሽ ግማሽ ላይ አድርጌ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እይዛታለሁ። ከዚያ ማጥፊያውን ተጭኜ፣ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮን ይዤ፣ ተንሸራትቼ እቆማለሁ። ካንዴላዋን እፈታለሁ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቱን ባከራከሩበት ሜዳ ላይ እኔ ቁጢጥ ብዬ ካንዴላ አነባለሁ። የሚያልፈው ሰው ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው።

በሚኒሞ እያንደቀደቅክ ጋራዥ ድረስ መጥተህ ካንዴላ ብታወጣ ግን የምታነበው ሚኒሞውን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል።

የሻይ ቅጠል ወይም የተቆላ ገብስ መልክ ካለው ደህና ነው። ጥቁር ሆኖ በጣት የሚለቅ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ጠግባለች። ነጭ ሆኖ እንደ ተቃጠለ ኖራ ከሆነ ርቧታል፣ ያኔ ቶሎ ቁም። ጥቁር ሆኖ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ያ ዘይት ነው፤ የዘይት ፓምፗን እይ እንጂ ካርቡራተሩን አትንካ።

መልኩ ካምታታህ ቾኩን ምስክር አድርገው። እየሄድክ ትንሽ ሳብ አድርገው። ከባሰባት ጠግባለች፣ ከተሻላት ርቧታል። ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ነው።

ጥጋቧ ግማሽ ላይ ከሆነ መርፌዋን አውጣ። አናቷ ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ጭረት አለ፣ አንዱ ላይ ክሊፕ ተቀምጧል። ክሊፑን በአንድ ጭረት ወደ ላይ ውሰደው፤ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ተመልሰህ ቦሩ ሜዳ። ሙሉ ነዳጅ ላይም የምትታፈን ከሆነ ብቻ ትልቋን ጄት በአንድ ቁጥር አሳንስ። ቁጥሩ ጄቷ ላይ ተጽፏል፤ ሲያንስ ቤንዚኑ ያንሳል። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትቀይር። ቢሻላት በየትኛው እንደተሻላት አታውቅም፤ ቢብስባትም እንዲሁ።

የምታወጣትን አሮጌ ጄት ደግሞ በክብሪት ቀፎ አድርገህ ወንበሯ ሥር አስቀምጣት። ለምን እንደሆነ ከራሴ ጉድ ልንገርህ።

በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ወጣት ነበርኩ፣ ጉረኛም ነበርኩ። ለደሴ ከፍታ ብዬ ጄቷን በሁለት ቁጥር ያሳነስኳት አንዲት ቱ ስትሮክ፣ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል፣ ነበረችኝ። ደሴ ላይ እሷን የሚቀድም አልነበረም። ግንቦት ላይ ሚሌ የሚደርስ ዕቃ ነበርና በእሷ ተነሳሁ። ባቲን አልፌ ቁልቁል ወደ አፋር ስወርድ ድምጿ ጠራ፣ ጉልበቷ ጨመረ። ደስ አለኝ። ለካ የራበው ሞተር ከመሞቱ በፊት እንዲህ ይዘፍናል። ሜዳው ላይ ሙሉ ነዳጅ ይዤ ስበር የኋላ ጎማዋ ቀጥ አለ። ፍሪሲዮን ባልይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ዘይቷ ሙሉ ነበር። ነገር ግን ሚሌ 500 ሜትር ግድም ነው፣ አየሩ ወፍራም፤ የእኔዋ ጄት የደሴ ራሽን ነው የምትሰፍረው። በዚያ ሙቀት ፒስቶኑ አብጦ ሲሊንደሩን ነክሶ ያዘ። ግመል የሚነዱ ሰዎች ውሃ አጠጡኝ። ከአሰብ የሚመጣ የጭነት መኪና ሞተሬን ከነውርደቴ ጭኖ ኮምቦልቻ አወረደን።

ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ ባቲ ብትወርድ ግድ የለም፣ ከአንድ ቁጥር አትሞትም። ሚሌ ከሆነ ግን የክብሪት ቀፎዋን አትርሳ። መጥገብ ካንዴላ ይበላል፤ ረኃብ ፒስቶን ይበላል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ደሴ ላይ ከጉልበቷ ሩብ ያህል ይጎድላል። ያንን የትኛውም መካኒክ አይመልስልህም። ሐረጎን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ፣ አትማረር።

«ነዳጅ ስለቅ ትተኩሳለች»

*ጋሼ፣ አባቴ የሰጠኝ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 አለችኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ነዳጁን ስለቅ ማርሚታዋ፣ ጭስ ማውጫዋ፣ ፓ! ፓ! ይላል። ሰው ይደነግጣል። ስቆም ደግሞ ሚኒሞዋ ቶሎ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይቆያል። ካንዴላዋ ነጭ ነው። ጎረቤታችን ነጭ ካንዴላ የጤና ምልክት ነው ይላል።*
*— ተማሪ፣ ኮምቦልቻ*

ጎረቤትህን አክብረው፣ ምክሩን ግን ተወው። ነጭ ጥርስ ነው የጤና ምልክት።

ሦስቱም ምልክት አንድ ነገር ነው የሚናገረው፤ ርቧታል፣ በተለይ ሚኒሞው አካባቢ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ስለሆነ ከፍታው ሊያጠግባት ሲገባ ከራባት፣ አየር በሌላ በር እየገባ ነው። ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ አጥፈህ እይ። አሮጌ ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ሲታጠፍ ነው የሚታየው። የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ያዝ። በሚኒሞ እየሠራች ጎማውንና መጋጠሚያውን በጥቂቱ እርጭ። ድምጿ ከተቀየረ ቀዳዳውን አገኘኸው።

ውሃ ነው ያልኩህ። ቤንዚን የሚረጩ አሉ። እኔም አንድ ጊዜ ረጭቼ አንድ ቅንድብ ከፍዬበታለሁ።

ጎማው ደህና ከሆነ የማርሚታዋን ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያውን የሚደፍነውን፣ እይ። እዚያ በኩል አየር ሲሳብ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ደህና ሆኖም ትተኩሳለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ለሚኒሞ ቤንዚን የምትሰጠው ትንሿ ጄት ናት። አባትህ ከመስጠታቸው በፊት ሞተሯ ብዙ ጊዜ ቆማ ከነበረ ቤንዚኑ ደርቆ ቀዳዳዋን ደፍኗታል። ትንሿ ጄት ፀጉር የማያሳልፍ ቀዳዳ ነው ያላት፣ መጀመሪያ የምትደፈነውም እሷ ናት።

የጎን ስክሩዋን በመጨረሻ ንካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስክሩዋ ካርቡራተሩ ላይ በሞተሩ በኩል ካለች የምትገዛው ቤንዚን ነው፤ ስትፈታት ይጨምራል። በፊልትሮው በኩል ካለች የምትገዛው አየር ነው፤ ስትፈታት ቤንዚኑ ያንሳል። ማለት፣ ለአንዱ ሞተር መድኃኒት የሆነው ጠመዛ ለሌላው መርዝ ነው። በቀስታ እስክትነካ ዝጋት፣ አታጥብቃት፤ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ፍታና ከዚያ ጀምር። ከሦስት ዙር በላይ ከፈለገች ስክሩዋ አይደለችም፣ ጄቷ ናት።

«ሩብ ሰዓት ትሄድና ቀጥ»

*ሰላም ጋሼ። የምሠራው በወረኢሉ በኩል ነው፣ መድኃኒት ይዤ ቀበሌ ለቀበሌ እዞራለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ኤጂ 100 ሩብ ሰዓት ያህል ትሄድና ቀስ በቀስ ደክማ ትጠፋለች። ትንሽ ቆሜ ስረግጣት ትነሳለች። እንደገና ሩብ ሰዓት። ነዳጅ የምንገዛው በሃይላንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉጉፍቱ ላይ ጥላኝ ብርዱ ሊገድለኝ ነበር።*
*— ነርስ፣ ደቡብ ወሎ*

ጉጉፍቱ ላይ ከመቆም ይሰውርሽ እህቴ። እኔ እዚያ ቆሜ አውቃለሁ፤ ጋቢ አይበቃም።

ካርቡራተሩን ማንም እንዲፈታ አትፍቀጂ። በሚቀጥለው ስትጠፋብሽ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ክፈቺ። ፍስስ ካለ አየር እየሳበ ነው፣ ነገሩ አለቀ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ጭቃና አቧራ ደፍኖታል። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ መውረዱን ያቆማል። ሞተሯ ቀስ በቀስ ትራባለች። ስትቆሚ አየሩ እንደምንም ሾልኮ ይገባል፣ ትነሳልሻለች። ቀዳዳውን በመርፌ ጥረጊው፣ በአፍሽ ንፊበት። የሳንቲም ወጪ የለውም።

ፍስስ ካላለ ደግሞ ታንኩ ሥር ያለችውን የነዳጅ ቧንቧ ማጣሪያ አስወልቀሽ አሳጥቢ።

ስለ ሃይላንዱ። ነዳጁን ወደ ታንክ ከመገልበጥሽ በፊት ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አቁመሽ ጥቂት ጠብቂ። ውሃ ካለበት ታች ይዘቅጣል፤ መስመሩ ይታያል። ላምባ ተደባልቆበት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣይ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል። ላምባ ካለበት የቅባት ምልክት ይተዋል፣ ሽታውም አይለቅም። ላምባ የገባበት ነዳጅ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሰው ደግሞ ካርቡራተሩን ይወቅሳል።

«በሽቦ አጸዳሁት»

*ጋሼ፣ ጄቶቹን በብረት ሽቦ ጥርግ አድርጌ አጸዳኋቸው። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ትጨርሳለች፣ ትታፈናለች። አዲስ የቻይና ካርቡራተር ልግዛ?*
*— ከወልድያ*

አጸዳኋቸው አትበል፣ አሰፋኋቸው በል። ናስ ለስላሳ ነው፤ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። በዓይን የማይታይ ጭረት ቁጥሯን ይቀይራል። 95 የተጻፈባት ጄት አሁን ስንት እንደሆነች ማንም አይነግርህም።

ሙሉ ካርቡራተር ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን ጄት ብቻ በትክክለኛ ቁጥራቸው ተካ። መርፌዋንም ፀሐይ ላይ አንከባላት፤ አንድ በኩል ተበልታ ከሆነ ከነቤቷ ቀይራት። የተበላ መርፌ ግማሽ ላይ ያጠግባል፣ ጄት በመለወጥም አይስተካከልም። የተመሳሰለውን ካርቡራተር አልጠላውም፤ ደህና የወጡ አሉ። ነገር ግን ውስጡ ያለው ጄት ለአንተ ሞተር ነው ወይስ ለሌላ፣ ለወልድያ ነው ወይስ ለባሕር ዳርቻ፣ ሻጩም አያውቅም። ከገዛህም እንደገና ፕላስተርህን ጠቅልለህ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ማጽዳት ሲያስፈልግህ ጎሚስታ ጋ ሂድና በአየር ይንፉልህ። ግትር ካለች ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዝ፤ እሷ ከናሱ ትለሰልሳለች።

በአጭሩ

ለመርሳው ልጅ፦ የገዛሃት ሞተር ኢንጀክሽን ናት። የአየሩን ግፊት በራሷ ሴንሰር እየለካች ነዳጇን ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስክሩዋን ፈልገህ ያጣኸው ካርቡራተር ስለሌላት ነው። የፈታኸውን ፕላስቲክ መልሰህ ግጠም።